የኃይል ማመንጫ ውሃ ስለሚስባቸው ዓሦችና ስለ ቈጠራቸው የተደረገ ንግግር



በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል፤ ሰቨርን የሚባለው ታላቅ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ፤ ብሪስቶል ቻነል የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። በዚህ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ፤ በሶመርሴት አውራጃ፤ ሂንክሊ ፖይንት በተባለው ቦታ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ከነዚህ በአንደኛው ከ1981 ጀምሮ ለብዙ ዘመን በየወሩ አንድ ቀን ሰዎች እየገቡ፤ ከባሕር በተሳበው ውሃ ተጐትተው በወንፊት ላይ የቀሩትን ዓሦች በየዓይነታቸው ለይተው አንድ በአንድ ሲቈጥሩ ኖረዋል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሞተ ዓሣ ቢቈጠር ምን ይረባል የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከንቱ ከሚመስለው ከዚህ ሥራ፤ በሌላ መንገድ በቀላሉ የማይገኝ ትልቅ ምስክርነት ተገኝቷል። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት፤ ማመንጫው የባሕር ውሃ ስለ ምን እንደሚስብ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚገኘው ከሚወርድ ውሃ ነው። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብም፤ በ2025 የተመረቀው የዓባይ ታላቅ ግድብም፤ ውሃው በክብደቱ ተርባይን የሚባለውን መዘውር እንዲያዞር የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለመሥራት ማቀዝቀዣ ውሃ ያስፈልጋል ሲባል፤ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ይሆናል። በሂንክሊ ፖይንት ግን መዘውሩን የሚያዞረው እንፋሎት ነው። ከአቶም የሚወጣው ሙቀት ውሃውን ያፈላዋል፤ እንፋሎቱም በብርቱ ግፊት ወጥቶ መዘውሩን ያዞራል። አዙሮ ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ ውሃ ይሆን ዘንድ መቀዝቀዝ አለበት። አረቄ ስታወጣ ያያት ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም፤ አረቄ አውጪዪቱ እንፋሎቱ የሚገባበትን ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታኖረዋለች፤ ውሃው በሞቀ ጊዜም ደፍታ ሌላ ቀዝቃዛ ትጨምራለች። የኃይል ማመንጫውም ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በብዛቱ ነው። ከሚፈጠረው ሙቀት ከግማሽ የሚያንሰው ብቻ ኤሌክትሪክ ሲሆን፤ የቀረው ከማቀዝቀዣው ውሃ ጋራ ተመልሶ ወደ ባሕር ይሄዳል።

ሂንክሊ ፖይንት ‹ቢ› የተባለው ማመንጫ በ1976 ሥራውን ጀመረ። ሙሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ጊዜ በአንድ ሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ያህል የባሕር ውሃ ይስብ ነበር። ይኸውም 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል 150 ጊዜ ሲሞላ ማለት ነው፤ ያውም የዓይን ጥቅሻ በሚያህል ጊዜ፤ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ።

ውሃው የሚሳበው ከባሕሩ ዳርቻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ከተሠራ መግቢያ ነው። ያ ባሕር ደግሞ እንደ ሌላው ባሕር ዝም ያለ አይደለም። ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። በብሪስቶል ቻነል ግን ዳርቻው እየጠበበ ስለሚሄድ፤ ሙላቱ በጠባብ ቦይ እንደ ገባ ጐርፍ ከፍ ከፍ ይላል፤ በላይኛው ጫፍ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ውሃውም ጭቃውን እያነሣ ስለሚሮጥ እንደ ክረምት ወንዝ ድፍርስ ነው። በዚህ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ግን የዓሣ ጫጩቶች በብዛት ያድጋሉ፤ ምግብ ሞልቷል፤ ከሚበላቸውም ጠላት ድፍርሱ ይሰውራቸዋል። ስለዚህ ስፍራው ለዓሦች የማሳደጊያ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ማመንጫው አፉን የከፈተው በዚህ ቤት ውስጥ ነው።

በመግቢያው በኩል ትልልቅ ግንዶችን የሚከለክሉ የብረት ፍርግርጎች አሉ። ከዚያ ወዲያ ከበሮ የሚመስሉ ታላላቅ ወንፊቶች ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ የወንፊቱ ዓይን በጐኑ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የሚበልጠው ሁሉ፤ የባሕር ሣርም ቢሆን፤ ሸርጣንም ቢሆን፤ ዓሣም ቢሆን፤ በወንፊቱ ላይ ይቀራል። ወንፊቱ ሲዞር በላይ በኩል ውሃ በኃይል ይረጭበታል፤ የተያዘውም ሁሉ ታጥቦ በአሸንዳ እየወረደ ወደ ቅርጫት ይገባል። ከወንፊቱ ዓይን የሚያንሱት፤ ማለት የዓሣ እንቍላልና ገና የተፈለፈሉ ጨቅሎች፤ ግን ያልፋሉ፤ በቧንቧዎቹም ውስጥ እየሮጡ ግፊቱንና ሙቀቱን ተቀብለው ወደ ባሕር ይመለሳሉ። ከነዚህ ስንቱ በሕይወት እንደሚወጣ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በወንፊት ላይ የሚታይ፤ ሁለተኛው በወንፊት አልፎ የሚሄድ የማይታይ።

በመጀመሪያ ዘመን በቅርጫቱ ውስጥ የሚገኘው ሁሉ እንደ ጉድፍ ይቈጠር ነበር። የማመንጫው ሠራተኞች የሚያሳስባቸው ወንፊቱ እንዳይደፈን እንጂ ዓሣው ምን እንደ ሆነ አልነበረም። በኋላ ግን፤ ማመንጫዎች በባሕሩ ሀብት ላይ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳሉ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይህንንም ለመመርመር በሂንክሊ ፖይንት ቈጠራ ተጀመረ። ሥራውን የጀመሩትና ለረዥም ዘመን የመሩት ፒተር ሄንደርሰን የተባሉት የሥነ ሕይወት ሊቅ ናቸው። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር የኤሌክትሪክ ማመንጨት ሥራ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ነበረ፤ በ1990 ያ መሥሪያ ቤት ተከፋፈለ፤ ማመንጫውም ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት ተላለፈ። ቈጠራው ግን በባለቤት መለወጥ አልተቋረጠም። ብዙ መልካም ሥራ የሚጠፋው እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ሆነ፤ ይህ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

የቈጠራው ሥርዓት እንዲህ ነበረ። በየወሩ አንድ ቀን ይመረጣል፤ ቀኑም እንዲሁ በዘፈቀደ አይወሰድም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ጊዜ የባሕሩ ሙላት እጅግ ይበረታል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ ሙላቱ እጅግ ያልበረታበትና እጅግም ያልደከመበት መካከለኛ ቀን ይመረጣል። ሥራው ባሕሩ ሞልቶ ከቆመበት ሰዓት ይጀመራል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ በቀትር ገደማ ነው፤ ባሕሩም ሸሽቶ እስኪያልቅ ድረስ ለስድስት ሰዓት ይቀጥላል። ከአራቱ ወንፊቶች ከሁለቱ የሚወርደው ሁሉ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ዓሦቹ በየዓይነታቸው ይለያሉ፤ ይቈጠራሉ፤ ርዝመታቸውም ይለካል። ሽሪምፕ የሚባሉትና ሌሎችም ትናንሽ የባሕር ፍጥረቶች እንደዚሁ ይመዘገባሉ።

ይህ ሁሉ ተራ ሥራ ነው፤ በብርድ ወራት ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለም። ዋጋው ግን ያለው በሥርዓቱ አለመለወጥ ነው። መምህር የተማሪዎቹን ስም በየማለዳው ይጠራል። ስም በሚጠራበት በአንዱ ቀን የሚገኘው ዕውቀት ጥቂት ነው፤ ማን መጣ፤ ማን ቀረ፤ ይኸው ነው። የሦስት ዓመቱ መዝገብ ተከፍቶ ሲታይ ግን፤ ልጆች በአጨዳ ወራት እንደሚቀሩ፤ ከአንዲት መንደር የሚመጡት እያነሱ እንደ ሄዱ፤ ሌላም ሌላም ነገር ይነበባል። መምህሩ አንድ ወር በማለዳ፤ አንድ ወር ከምሳ በኋላ፤ አንድ ወር ደግሞ በገምት ቢመዘግብ ኖሮ፤ ልጁ ይቅር ወይም አቈጣጠሩ ይሳሳት መለየት ባልተቻለ ነበር። የዓሣውም ነገር እንደዚሁ ነው።

ማመንጫውን እንደ ዓሣ አጥማጅ አድርጎ ማሰብ ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያስገርም ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰው የሆነ ዓሣ አጥማጅ ዋጋ ያለውን ዓሣ ይፈልጋል፤ ዓሣው ወደ በዛበት ይሄዳል፤ ማዕበል ሲነሣ በቤቱ ይቀመጣል፤ ገበያው ሲወድቅም መረቡን ይሰቅላል። ስለዚህ የተያዘው ዓሣ ቢያንስ፤ ዓሣው አንሶ ይሁን ወይም አጥማጁ ታክቶት፤ ከተያዘው ብዛት ብቻ አይታወቅም። ማመንጫው ግን አይመርጥም፤ አይንቀሳቀስም፤ ማዕበልም ገበያም አያግደውም። ሆኖም እርሱም ቢሆን ፍጹም ምስክር አይደለም። ትልልቆቹና ብርቱ ዋናተኞች ዓሦች ከመግቢያው ያመልጣሉ፤ የሚያዙት በአብዛኛው ትናንሾቹና ደካሞቹ ናቸው። ይህን ጉድለቱን ያወቀ ሰው ግን በምስክርነቱ ሊጠቀም ይችላል፤ ጉድለቱ በየዓመቱ ያው ነውና።

ከቈጠራው የተገኘው ትምህርት ብዙ ነው። በዚያ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ከ80 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ አስቀድሞ ይህን ያህል ይገኛል ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። በ2003 አን ማጉራን የተባሉት ሊቅና ፒተር ሄንደርሰን የ21 ዓመቱን መዝገብ መርምረው እንደ ጻፉት፤ ዓሦቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በየዓመቱ የማይጠፉ ነባሮች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን እንደ መንገደኛ አልፎ አልፎ ብቅ ብለው የሚጠፉ ናቸው። ነባርና እንግዳ መሆናቸውን ለመለየት ግን የአንድ ዓመት ቈጠራ አይበቃም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የታየ እንግዳ ነባር ይመስላልና። ደግሞም ሶል የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የባሕሩ ውሃ በሞቀበት ዓመት ጫጩቶቹ እንደሚበዙ ታወቀ። የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ የባሕሩ ነዋሪዎችም እየተለወጡ እንደ ሄዱ ከዚሁ መዝገብ ተነቧል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኢል የተባለው ዓሣ ታሪክ ነው። ኢል መልኩ እባብ ይመስላል፤ ዓሣ መሆኑ ግን የታወቀ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፤ ሳርጋሶ በሚባለው ባሕር ይወለዳል፤ ጨቅላውም በባሕሩ ጅረት ተወስዶ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቈጠር መንገድ ተጕዞ ወደ አውሮፓ ይደርሳል። በደረሰ ጊዜ ሰውነቱ እንደ መስታወት ወለል ብሎ ይታያል። በጸደይ ወራት፤ ሙላቱ በሚበረታበት ሌሊት፤ እነዚህ ትናንሾች ወደ ሰቨርን ወንዝ ይገባሉ፤ የወንዙም ዳር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ መብራት ይዘው በእጅ መረብ እየጨለፉ ይይዟቸዋል። የተረፉት በወንዝና በኵሬ ለብዙ ዓመት ኖረው ያድጋሉ፤ በመጨረሻም ወደ ተወለዱበት ባሕር ተመልሰው፤ እንቍላላቸውን ጥለው ይሞታሉ።

ኢል እያነሰ መሄዱን ዓሣ አጥማጆች ይናገሩ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉ የልጅነቱ ዘመን ይሻል ነበር ማለቱ የተለመደ ስለ ሆነ፤ ቃላቸው ብቻውን እንደ ማስረጃ አልተወሰደም። ፒተር ሄንደርሰንና ባልደረቦቻቸው የማመንጫውን መዝገብ መርምረው በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ግን ነገሩ ተረጋገጠ። ኢል ከ1980 እስከ 2009 ድረስ በየዓመቱ በአማካይ 15 በመቶ እየቀነሰ ሄዶ፤ በ2009 የቀረው በ1980 ከነበረው አንድ በመቶ ብቻ ነበረ። ሽማግሌዎቹ እውነት ተናግረው ኖሯል።

ይህን መምህር በሰሌዳ ላይ ሊያሳየው ይችላል። ከ100 ኢል ተነሥቶ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢቀንስ፤ በዓመቱ 85 ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት 72፤ በሦስተኛው 61። ከ85 ወደ 72 መውረዱን በዓይኑ አይቶ የሚደነግጥ ሰው የለም፤ ዘንድሮ ዓሣው ትንሽ ቀነሰ ተብሎ ይታለፋል። ስሌቱ እስከ 29ኛው ዓመት ቢቀጥል ግን ከመቶው የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ጥፋቱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ አንድም የታወቀ ክፉ ዓመት አልነበረውም። በየወሩ የሚጻፍ መዝገብ ባይኖር፤ ልጆች ጥቂቱን ኢል እያዩ ጥንትም ይኸው ነበር ብለው ያድጉ ነበር። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ኢልን በ2008 ፈጽሞ ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። የማነሱ ምክንያት አንድ አይደለም፤ የወንዞች መገደብ፤ የጨቅሎቹ መጠመድ፤ ከእስያ የመጣ የውስጥ ትል፤ የውሃም መበላሸት ይጠቀሳሉ፤ ከነዚህ የትኛው እንደሚበልጥ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የማያስደስት ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። የኢልን መጥፋት የመሰከረው ወንፊት ራሱ ኢልን የሚይዝ ወንፊት ነበር። ምስክሩ ከከሳሾቹም ከተከሳሾቹም ወገን ነው። ቈጠራው ዕውቀት አስገኘ ተብሎ የማመንጫው ጉዳት እንደ በጎ ሥራ ሊቈጠር አይችልም፤ እንዲሁም ማመንጫው ይጐዳል ተብሎ ለብዙ ሰው ብርሃን መስጠቱ ሊካድ አይገባም።

ጉዳቱን መመዘን ደግሞ ከመቍጠር ይልቅ ያስቸግራል። ኮድ የተባለችው ዓሣ በአንድ ወራት በሚሊዮን የሚቈጠር እንቍላል ትጥላለች፤ ከዚያ ሁሉ ለእናትነት የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሺህ ጨቅሎች በወንፊት ላይ ቢሞቱ፤ ከሺሁ አብዛኞቹ በሌላ መንገድ መሞታቸው አይቀርም ነበር። ሊቃውንት ይህን አስበው፤ የሞቱት ጫጩቶች ባይሞቱ ኖሮ ስንት አዋቂ ዓሣ ይሆኑ ነበር ብለው ያሰላሉ። ስሌቱ ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን በመካከሉ ብዙ ግምት ይገባበታል፤ ግምቱም በማን እጅ እንደ ተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት የቅርጫት ዓሣ በአንዱ ስሌት ጥቂት፤ በሌላው ስሌት ብዙ ሆኖ ይወጣልና።

ይህ ክርክር በሂንክሊ ፖይንት ዛሬም አለ። በዚያው ስፍራ ሂንክሊ ፖይንት ‹ሲ› የሚባል አዲስ ታላቅ ማመንጫ፤ ኤ.ዲ.ኤፍ. በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ አማካይነት እየተሠራ ነው። ውሃ የሚስበው ከባሕሩ ዳርቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፤ መጠኑም በሰከንድ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በ2013 የሥራ ፈቃድ ሲሰጠው ለዓሦቹ ጥበቃ ሦስት ነገር ታዘዘ፤ መግቢያው ውሃውን በዝግታ እንዲስብ፤ የተያዙት ዓሦች በሕይወት ወደ ባሕር የሚመለሱበት ቦይ እንዲሠራ፤ ደግሞም በመግቢያው አጠገብ ዓሦችን በድምፅ የሚያባርር መሣሪያ እንዲተከል። ሦስቱም የታዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ኢልና ጠፍጣፎቹ ዓሦች ጠንካሮች ስለ ሆኑ በቦዩ በሕይወት ሊመለሱ ይችላሉ፤ ድምፅ ግን እምብዛም አያስፈራቸውም። ስፕራትና ሄሪንግ የሚባሉት ብርማ ዓሦች ግን ቅርፊታቸው በትንሽ ነገር የሚረግፍ፤ በቦይ ቢመለሱም የሚሞቱ ናቸው፤ ድምፅ ለመስማት ግን እጅግ ስሉ ናቸው። እንግዲህ አንዱን ዓይነት የሚያድነው ሌላውን አያድነውም።

ኩባንያው የድምፁ መሣሪያ እንዲቀርለት ለመነ። በዚያ በሚሮጥና ድፍርስ በሆነ ውሃ ውስጥ ጠላቂዎችን እያወረዱ መሣሪያውን መጠገን ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው አለ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥቱ ግን ነገሩን አስመርምሮ በመስከረም ወር 2022 ልመናውን አልቀበልም አለ። በ2025 ኩባንያው አዲስ ዓይነት የድምፅ መሣሪያ በባሕሩ ውስጥ ተፈትኖ ዓሦችን እንደሚያርቅ አስታወቀ። ስለ ስንት ዓሣ እንደሚሞት በተደረገው በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ፤ ሁለቱም ወገኖች ያልጠቀሱት ቀን የለም የሚባለው፤ ያ የአሮጌው ማመንጫ የቅርጫት መዝገብ ነው።

አሮጌው ሂንክሊ ፖይንት ‹ቢ› ነሐሴ 1 ቀን 2022 ኤሌክትሪክ መሥራቱን አቆመ። ኤሌክትሪክ የማይሠራ ማመንጫ እንደ ቀድሞው በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ውሃ የሚስብበት ምክንያት የለውም። የአዲሱም ማመንጫ ወንፊት የአሮጌውን መዝገብ እንዲያው በቀጥታ ሊቀጥል አይችልም፤ መግቢያው በሌላ ስፍራ ነው፤ ጥልቀቱ ሌላ ነው፤ የሚስበው ውሃም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በአንዱ 10 ኢል ቢገኝና በሌላው 30 ቢገኝ፤ ኢል በዛ ለማለት አይቻልም። ሁለቱን መዝገቦች ለማገናኘት የሚሻ ሰው፤ የሁለቱንም ስፍራ ውሃ ጐን ለጐን ለብዙ ዓመት እየመዘነ ማስተያየት ይኖርበታል፤ ይህም ሥራ የሚጀምረው እንደ ገና ከመጀመሪያው ወር ነው።